«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላ

አራስ ጥየቃ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። በሩ ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይባላል፤ አራሷ ከትራሷ ቀና ብላ «አሜን» ትላለች። የሙስሊም ቤት ከሆነ ምስጋናው ለአላህ ነው፤ ቃሉ እንጂ ነገሩ አይለወጥም። ከዚያ ገንፎው ይመጣል፣ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሞላው። ሕፃኑ ከተሸፈነበት ገለጥ ይደረግና አፍንጫው የማን፣ ግንባሩ የማን እንደሆነ ክርክር ይነሣል። በዚህ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የአባት ወገን ያሸንፋል፤ ምክንያቱን እስከዛሬ አልደረስኩበትም። ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ ይወራል። በመጨረሻ ብሯ ከትራሱ ሥር ሸጎጥ ትደረግና «በሉ ያሳድግላችሁ» ተብሎ ይወጣል።

እናላችሁ፣ ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ቀልድ ቀልዶብናል። ሰው ቤት ሄዶ ማየትንም፣ ጥያቄ ማቅረብንም በአንድ ቃል «መጠየቅ» ነው የሚለው። አራስ ጠየቅን እንላለን። ታዲያ ማንም ምንም አልጠየቃትም እኮ! «ይጠባል?» ተብሏል፤ «ሌሊት ይተኛል?» ተብሏል፤ «ስም ወጣለት?» ተብሏል። ሁሉም የልጁ ነው። ስለ እርሷ የተባለው ማርያም እንደማረቻት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥያቄ አይደለም፣ ተሠርቶ የመጣ መልስ ነው። «አሜን» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? «ኧረ እኔን ገና አልማረችኝም» ያለች አራስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አንዲት ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ናት። ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት ሁለት ቀን ዝም ብላኝ ከረመችና «ጻፈው፤ ግን አታሳምረው» አለችኝ። ጽፌ ሳሳያትም ሁለት ቦታ ላይ ሰርዛለች። እንግዲህ ከስረዛ የተረፈው ይኼ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን በጥቅምት 1990 ተወለደች። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ አራስ ቤቱን ተረከበች። ቅቤው፣ አጥሚቱ፣ ገንፎው በሰዓቱ ነው። ከትራሱ ሥር ቢላዋ ተቀምጧል፤ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ክፉ ነገር ይጠናወታታል ይባላልና። እኔም እንደ ወንድ ሁሉ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ፤ የተማሪዎች ወረቀት ተሸክሜ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ አድር ነበር። የጎደለ ነገር አልነበረም። ይቺን «የጎደለ ነገር አልነበረም» የምትል ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ልጅቷ ስታለቅስ ሰምቼ ገባሁ። አማቴ ደክሟት እንቅልፍ ጥሏታል። ባለቤቴ ልጅቷን አጥብታ፣ አገሳታ፣ ጨርቋን ቀይራ አስተኛቻት። ሥራዋ ሁሉ እንከን የለውም። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ይህቺን ልጅ ሳያት ጎረቤት አደራ ብሎ ትቶብኝ የሄደ ነው የሚመስለኝ። መጥተው የሚወስዷት ይመስለኛል» አለችኝ።

ምን ብዬ መለስኩ? «እንዲህ አይባልም» አልኳት። ቀጠልኩና «ምን ጎደለሽ?» አልኳት።

«ምን ጎደለሽ» መልክዋ ጥያቄ ነው፤ ጭራዋ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። ነገር ግን ማንም መልስ ፈልጎ አይላትም። ትርጉሟ «የሰጠሁሽን ቁጠሪና አፍሪ» ነው። ባለቤቴ ቆጠረች፤ አፈረችም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለአራት ወር ያህል ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በ80ኛው ቀን ክርስትና ተነሣች፤ ድግሱ ደመቀ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ፎቶው ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ አለ። ባለቤቴ ትስቃለች። ፎቶ አንሺው «ሳቂ» ብሏት ነው።

አሁን የማነሣው ነገር ለሙያዬ ውርደት ነው። በዚያው መንፈቀ ዓመት ለተማሪዎቼ አሜሪካዊቷን ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማንን አስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 የታተመውን «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ማለቴ ነው። ታሪኩ የአንዲት በቅርቡ የወለደች ሴት ነው። ባሏ ሐኪም ነው፤ ይወዳታል፤ ምንም እንዳልሆነች ያውቃል። እረፍት ያስፈልግሻል ብሎ ገጠር ቤት ውስጥ ያስቀምጣታል፤ መጻፍ ይከለክላታል። ሴትዮዋ ከልጇ ጋር መሆን ያቅታታል። የምታየው ነገር ቢኖር የክፍሉን የግድግዳ ወረቀት ነው፤ ቀስ በቀስ ከወረቀቱ ጀርባ የታሰረች ሴት ይታያት ይጀምራል። ጊልማን ይህን ከአየር አላመጣችውም። እ.ኤ.አ. በ1885 ሴት ልጇን ከወለደች በኋላ በከባድ ድባቴ ውስጥ ወደቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊየር ሚቸል የተባለው የዘመኑ ስመ ጥር የነርቭ ሐኪም የሰጣት ትእዛዝ በተቻለ መጠን የቤት ውስጥ ኑሮ እንድትኖር፣ ልጇን ከአጠገቧ እንዳትለይ፣ እስከ ዕድሜ ልኳም ብዕር እንዳትነካ ነበር። ለጥቂት ወራት ታዘዘች፤ ልታብድ ደረሰች። ከዚያ ትእዛዙን ጣለችና ጻፈች።

እኔ ይህን ታሪክ እንዴት አስተማርኩት? ግድግዳው የኅብረተሰቡ ምሳሌ ነው አልኩ። ወረቀቱ የወንዶች ጽሑፍ ነው፤ ሴቲቱ ደግሞ ከዚያ ጽሑፍ ጀርባ ለመነበብ የምትታገል ጸሐፊ ናት አልኩ። ተማሪዎቼ ጻፉ፤ በፈተናም መለሱልኝ። ትርጓሜው ስሕተት አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን እሟገትለታለሁ። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለዚህች ሴት ሳወራ ሴትዮዋ አራስ መሆኗን፣ መታመሟን አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ምሳሌ አደረግኳትና ተገላገልኩ። ከክፍል ወጥቼ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እዚያም ባለቤቴ ግድግዳ እያየች ነበር። የእኛ ግድግዳ ቢጫ ስላልነበረ ነው መሰለኝ፣ አላስተዋልኩም።

የሆነ ሆኖ፣ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ይህን ሳወራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሚለው ቃል ላይ የዘመትኩ እንዳይመስልባችሁ። ቃሉ ቦታ ነበረው፣ አለውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በ2016 ግምቱ ወደ 412 ወርዷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ደግሞ ቆጣሪም አልነበረም። በእንዲህ ያለ አገር ምጥ የያዛት ሴት አንድ እግሯ መቃብር ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ በገጠር ነፍሰ ጡሮች ጭንቀት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ርዕሱ ራሱ «በሕይወትና በሞት መካከል» የሚል ነው። ከዚያ የተመለሰችን ሴት «እንኳን ተረፍሽ» ብሎ መቀበል ትክክለኛ ሰላምታ ነው። ጥያቄው «ሞተች ወይስ ዳነች?» በሆነበት ዘመን ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ ፋታም አልነበረም።

ከሞት የሚተርፉት ሲበዙ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ተራው ደርሷል። ከወለደች በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሆድ የሚብሳት ሴት ብዙ ናት፤ ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ያገኛቸዋል። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ደግሞ ወዲያው ትስቃለች። በእርግዝና ወራት ከፍ ብለው የቆዩት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ፤ እንቅልፉም ድካሙም ይጨመርበታል። ይኼኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። የማያልፈው ሌላ ነው። ከሁለት ሳምንት ዘልሎ የሚቀጥል፣ ደስታን የሚነጥቅ፣ ልጅ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ የሚነሳ፣ «እኔ ለእናትነት አልተፈጠርኩም» የሚያሰኝ፣ አንዳንዴም «እኔ ብሞት ለልጄ ይሻላታል» የሚያሰኝ ድባቴ አለ። ብዙ ሰው ከወሊድ በኋላ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ይሁንና ስንቷ ናት ሆዷን ይዛ፣ «በሽልም ያውጣሽ» እየተባለች፣ በውስጧ እየጨለመባት ዘጠኝ ወር የምትቆጥረው! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 15.6 ከመቶው፣ ከወለዱት ደግሞ 19.8 ከመቶው የአእምሮ ጤና መታወክ ያጋጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድባቴ ነው። ከአምስት አራሶች ወደ አንዷ ይጠጋል ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ስንት አራስ ጠየቃችሁ? ቁጠሩ እስቲ።

ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚያገኝ ድንገተኛ ሕመም ደግሞ አለ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው የሚጀምረው፤ እንቅልፍ ጨርሶ ይጠፋል፤ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ሕፃኑ እንግዳ እምነት ይመጣል። ይኼ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ አልቃወምም፤ ጸበሉና ሐኪሙ ግን ተራ አይጠባበቁም። ቢላዋውን ከትራስ ሥር ያስቀመጡት እናቶቻችንም ቢሆኑ አልተሳሳቱም እላለሁ። አራስ አደጋ ላይ መሆኗን፣ ብቻዋን መተው እንደሌለባት ከማንም መጽሐፍ በፊት ያውቁ ነበር። ስሙን ሰይጣን አሉት። ጠላቱን ግን ከበር በኩል ነበር የሚጠብቁት።

አንድ ወዳጄ አለ፣ ይህን ሲሰማ የሚቆጣ። «የፈረንጅ በሽታ አታምጣብን፤ እናቴ ዘጠኝ ወልዳ በሰባተኛው ቀን ወፍጮ ላይ ነበረች» ይለኛል። እኔም «እናትህ ምን ተሰምቷት እንደነበር ጠይቀሃታል?» አልኩት። አልጠየቀም። አሁን ደግሞ ሞታለች። ፈረንጁ ማርሴ ስለ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች የአእምሮ ሕመም መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታ የሚጀምረው ስም ባወጡለት ቀን አይደለም። በእኛስ አገር ወልዳ «ዛር ሰፈረባት» የተባለች፣ «ከወለደች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች» የተባለች ሴት በየመንደሩ የለችም? አውቀናል፤ አልጠየቅንም እንጂ።

ሕግ እንኳ ከእኛ ቀድሟል። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በምጥ ላይ ሳለች ወይም የምጡ ተጽዕኖ ገና ሳይለቃት ልጇን የገደለችን እናት ከሌላው ነፍሰ ገዳይ ለይቶ ነው የሚያያት። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1922 ለዚሁ የተለየ ሕግ አውጥተዋል። ይህን ስጠቅስ ደግሞ ማንም እንዳይደነግጥ፤ በድባቴ ውስጥ ያለች እናት አብዛኛውን ጊዜ በልጇ ላይ ክፉ አታደርግም፤ የምትጎዳው ራሷን ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሕጉ «ይህቺ ሴት በዚያ ሰዓት ሙሉ ራሷን አልነበረችም» ብሎ የሚያዝንላት ነገሩ ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው። ያን ርኅራኄ ሬሳ ሳይኖር ለመስጠት ምን ያግደናል?

የሚያግደን አንድ እምነት ይመስለኛል። የእናት ፍቅር ከእንግዴ ልጁ ጋር አብሮ ይወርዳል ብለን እናምናለን። ካልወረደ ጥፋቱ የእርሷ ነው። ይህን እምነት እስቲ እንመርምረው፤ ሰው ባልተሰማው ስሜት ይጠየቃል ወይ?

ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ ስሜት የሆነ ፍቅር አይታዘዝም ይላል። ሰውን «መልካም አድርግ» ማለት ይቻላል፤ «ይሰማህ» ማለት ግን አይቻልም። ልባችሁን «አሁን ደስ ይበልህ» ብላችሁ እዘዙት እስቲ። እንዲያውም ለካንት፣ ደስ ሳይለው፣ ልቡ በኀዘን ተሸፍኖ ሳለ ሌላውን የረዳ ሰው ተግባር ነው ከሁሉ የጠራ ዋጋ ያለው። ወጣት ሳለሁ ይህ ሐሳብ ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያቺን ሌሊት ሳስባት ሌላ ይታየኛል። ባለቤቴ «አደራ» ነበር ያለችው። ይህን ቃል ያን ጊዜ እንደ ክፉ ቃል ሰማሁት። ግን በእኛ ዘንድ አደራ ምንድነው? የራሱን ገንዘብ ያባከነ ሰው «አባካኝ» ይባላል፤ ያልፋል። የሰው አደራ ያጠፋ ግን «አደራ በላ» ነው፤ ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም። ይህቺ ሴት ልጇ የእርሷ ሳትመስላት፣ አንዳች ደስታ ሳታገኝባት፣ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣች አጠባቻት፤ አንዲት ሌሊት አላጓደለችም። እኔ ደግሞ ልጅቷን ሳይ ልቤ ይቀልጥ ነበር፤ ሲቀልጥም ተመልሼ ፍራሼ ላይ እተኛ ነበር። ከሁለታችን የወደዳት ማን ነው?

ይህን እስከዚህ ጽፌ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ አነበበችውና ከሁለቱ ስረዛዎች አንዱ እዚህ ላይ አረፈ። «ጀግና ልታደርገኝ ነው? እየሰመጥኩ ነበር እኮ» አለችኝ። ልክ ናት። ሴትን «ጠንካራ ናት፣ ችላለች» ብሎ ማመስገን የራሱ ወጥመድ አለው። የቻለችውን ሴት ማን ያግዛታል? ምስጋናው «አሜን» የምታሰኝ ሁለተኛ ሰላምታ ይሆንባታል። የግዴታ ፍልስፍና እርሷን ከኩነኔ ነፃ ለማውጣት ይጠቅም ይሆናል፤ ብቻዋን ለመተው ምክንያት ሲሆን ግን ከሥነ ምግባር ወደ ስንፍና ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄውን ከእርሷ ላይ አንሥቼ ወደ ራሴ ማዞር አለብኝ። በስሜት አንጠየቅም ካልን፣ ባለማወቅስ እንጠየቃለን ወይ?

«አላውቅም ነበር» ብዬ ለራሴ ስንት ዓመት ነግሬዋለሁ። በ1990 ማን ስለዚህ ነገር ያወራ ነበር? ጋዜጣው አያወራ፣ ሬዲዮው አያወራ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይኼ ነው፦ ያን ሌሊት ተጨማሪ አንድ ጥያቄ ብጠይቃት መልሱን መሸከም ይኖርብኝ ነበር። ፍራሹን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ሌሊት መነሣት፣ ወረቀቶቹን ማዘግየት፣ ምናልባትም ለአማቴ «ልጅሽ ታማለች» ብሎ መንገር። ይህን ሁሉ በልቤ ሰሌዳ ላይ ቆጥሬ ይመስለኛል «ምን ጎደለሽ?» ያልኩት። ያላወቅኩት ማወቅ ስላልቻልኩ አይደለም፤ ማወቅ ስለሚያስከፍል ነው። እንዲህ ያለው አለማወቅ ያስጠይቃል ባይ ነኝ።

ባለቤቴን ያዳናት ማነው ትሉኝ እንደሆነ፣ የአጎቷ ሚስት ናቸው። በመጋቢት ከደሴ መጡ። ቤት ገብተው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ፊቷን አዩት። ልጅቷን ለእኔ ሰጡኝና ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጡን። በሩ ሳይዘጋ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። «አንቺስ?» አሏት። ባለቤቴ ስታለቅስ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሴትዮዋ እሳቸውም ሁለተኛ ልጃቸውን ሲወልዱ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው ኖሯል፤ ለ30 ዓመት ለማንም አልተናገሩም። በሳምንቱ ሦስታችን አእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ባለቤቴ ሰው እንዳያያት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አዳመጣት፣ መድኃኒት አዘዘላት፣ በየሁለት ሳምንቱ እንድትመለስ ቀጠራት። ከማጥባት ጋር የሚስማማ መድኃኒት እንዳለም ከእርሱ ነው የሰማነው። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ልጅቷን ስታጥብ አንገቷን ሸተት አድርጋ ሳቀች። ፎቶ አንሺ አልነበረም።

ያን ጊዜ አማቴ ነበረች፣ የአጎት ሚስት ነበሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወለደች ልጅ እናቷ ክፍለ ሀገር ናት፤ ጎረቤቷን በስም አታውቀውም። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ የወለደችው ደግሞ እናቷ ቪዛ ተከልክላ ገንፎውን በቪዲዮ ነው የሚያሳዩዋት። የአራስ ቤቱ ሥርዓት ጉድለት ቢኖረውም ሰው ነበረበት። እኛ ሰዉን አስወጥተን ጉድለቱን ነው ያስቀረነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላዷ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ሰጥቷል፤ መልካም ነው፣ ከበፊቱ 60 ይሻላል። ለአባትየው የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን! ሆድ መባሱ የሚጀምረው እርሱ ወደ ሥራ በሚመለስበት ዕለት ነው።

ለመጠየቅ ደግሞ ትልቅ ሆስፒታል አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀ አሥር ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለ፤ አገራችን ውስጥም ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ፈትሸውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ተቀምጦ ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እናት በ45ኛው ቀን ልጇን ለክትባት ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል። ካርዱን ይዛ የቆመችው ሴት ግን እንደ ካርዱ መያዣ ነው የምትታየው። ነርሷን አልወቅስም፤ ሰልፉን አይቻለሁ። ቢሆንም እዚያች ቦታ ላይ አንዲት ጥያቄ ለእናትየዋ ቢጨመርላት ሰልፉ ምን ያህል ይረዝማል?

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ 2017 ያቺ «አደራ» ያልናት ልጅ ራሷ ወለደች። በ12ኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሥራ በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። ጠያቂዎቹ ሄደዋል፤ ባሏ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥባል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ»ን አስቀድሜ ስላልኩ አልደገምኩትም። ሕፃኑ ተኝቷል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አንቺስ?» አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ። እናቷ የነገረቻት ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ «ዛሬ ደህና ነኝ፣ አባዬ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ትናንት አልነበርኩም» አለች።

ወንበሩ ላይ የሕፃን ልብስ ተከምሯል። ልብሱን አንሥቼ አልጋው ላይ አደረግሁና ተቀመጥኩ።